የሱቅ ራቪዮሊን ማጣፈጥ፦ በቅቤ፣ በመረቅ፣ በኦቨን፣ በፍርፍር

እናቴ ልትጠይቀኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣች ሰሞን ነው። ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገባሁና አንድ ፓኬት ራቪዮሊ፣ ማለትም አይብ ወይም ሥጋ በሊጥ የታሸገበት የጣሊያን ፓስታ፣ ቀድጄ የሚንፈቀፈቅ ውሃ ውስጥ ገለበጥኩት። ልብሴን ቀይሬ ስመለስ ሊጡ ለብቻው፣ አይቡ ለብቻው ሆኖ ውሃው የአጃ ሾርባ መስሏል። እማዬ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና፣ "ልጄ፣ ሳምቡሳ ይቀቀላል እንዴ?" አለችኝ።

ያን ማታ እንጀራ በሽሮ በልተን ተኛን። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ሦስት ወር አብራኝ ስትቆይ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ራቪዮሊ ሠራን፤ ግማሹ የኔ ሐሳብ፣ ግማሹ የእሷ። ከታች የጻፍኩት ከዚያ ሁሉ ሙከራ ደጋግመን የበላነውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስህተቴ የት እንደነበር ልንገራችሁ፤ የብዙዎቻችን ስህተት ስለሆነ። እኛ ቤት ፓስታ ሲባል ስፓጌቲና መኮሮኒ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው የቆዩ ጊዜ ያመጡት ምግብ ሱጎውም፣ ላዛኛውም፣ ፎርማጆውም ከነስሙ ቀርቶ ቤተኛ ሆኗል። ራቪዮሊ ግን እንደ ስፓጌቲ ወደ ጓዳ አልዘለቀም። ስለዚህ ፓኬቱን ስናገኝ እንደ ስፓጌቲ ነው የምናየው፦ ውሃውን አንፈቅፍቆ መቀቀል፣ ከዚያ ሱጎ ማልበስ። ስፓጌቲ ባዶውን ስለሆነ ይህ ሁሉ ይገባዋል። ራቪዮሊ ግን ወጡን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። የእናንተ ሥራ ሆዱን አለማፍሰስና ጣዕሙን አለመሸፈን ነው። የቀረው ጨዋታ ነው።

ሱቅ ውስጥ

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ፍሪጅ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከቺዙ አጠገብ የሚቀመጠው ነው። ሊጡ ስስና ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበስላል። አሜሪካ ውስጥ ትንሹ ፓኬት 250 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ላዩ ላይ ለሁለት ሰው ወይም ከዚያ በላይ ይበቃል ይላል። እንጀራ ለለመደ ሆድ ግን ለአንድ ሰው ተኩል ነው፣ እንዳትሸወዱ።

ሁለተኛው የፍሪዘሩ ነው። ረከስ ይላል፣ ሊጡም ወፈር ይላል። ለቅቤ ሲሆን የፍሪጁን እመርጣለሁ፤ ለኦቨን ግን የፍሪዘሩን የሚያህል የለም።

ሦስተኛው የቆርቆሮው ነው። እሱ ከነሱጎው በስሎ፣ ለስልሶ ያለቀ ነው። መቀቀልም መጥበስም አይችልም፤ አሙቆ መብላት ብቻ ነው። አሜሪካኖች በልጅነት የበሉት ስለሆነ ይናፍቁታል። ሼፍ ቦያርዲ የሚለው የቆርቆሮው ስም የእውነተኛ ሰው ስም ነው፤ ኤቶሬ ቦያርዲ ጣሊያን አገር ፒያቼንዛ ተወልዶ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ምግብ ቤት የነበረው አብሳይ ነበር። ታሪኩ ደስ ይላል። ምግቡን ግን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አላስገባሁትም።

ፓኬቱን ስታነሡ ጀርባውን አንብቡ። የሥጋ ከተባለ ውስጡ ፖርክ (የአሳማ ሥጋ)፣ ከዚያው የሚሠሩት ፕሮሹቶና ፓንቼታ፣ ወይም ሶሴጅ ሊኖር ይችላል። ፊት ለፊቱ ላይ "ቢፍ" ተብሎ እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ ፖርክ ያየሁበት ጊዜ አለ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እንጉዳይ ወይም ዱባ የሚለው አያታላችሁ፤ አብዛኛው ቺዝ አለበት፣ ሊጡም ብዙ ጊዜ በእንቁላል የተቦካ ነው። ለረቡዕና ለዓርብ የሚሆነው "ቪጋን" ተብሎ የተጻፈበት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ከታች ካሉት ውስጥ ለመጥበሻው አሠራር በጣም ይስማማል።

የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ አዲስ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ የሪኮታና የቆስጣ። ሪኮታ ከአይብ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። እኛ ቅቤው የወጣለትን አሬራ አሙቀን አይብ እናወጣለን፤ እነሱ ቺዝ ሲሠሩ የቀረውን አጓት አሙቀው ሪኮታ ያወጣሉ። ቆስጣ ሲጨመርበት ምን ሆነ? ጎመን በአይብ። እማዬ መጀመሪያ ሳይፈርስ የወጣለትን አንዱን ነክሳ፣ "ይሄማ የኛው ነው፣ ቂጣ አልብሰውት ነው እንጂ" አለች።

መቀቀል የግድ ከሆነ

ከዚህ በታች ካሉት አሠራሮች ግማሾቹ ቅቅል አይፈልጉም። የሚፈልጉትን ግን እንዲህ ቀቅሉ።

ሰፊ ድስት ውስጥ ለ250 ግራም ራቪዮሊ 3 ሊትር ያህል ውሃ አፍሉ። ጣሊያኖች ለአንድ ሊትር 10 ግራም ጨው ይላሉ። የሱቅ ራቪዮሊ ግን መሙያው ራሱ ጨዋማ ነው፣ ላዩ ላይም ፎርማጆ ይመጣል፤ ስለዚህ እኔ ለ3 ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ነው የማደርገው። ዘይት ውሃው ውስጥ አትጨምሩ። አንዳንድ ሰው እንዳይጣበቅ ብሎ ይጨምራል፤ ዘይቱ ሊጡ ላይ ይለጠፍና በኋላ ሱጎው አልይዝ ይላል።

ውሃው ሲንፈቀፈቅ ራቪዮሊውን አንድ በአንድ ማለት ይቻላል ልቀቁት፣ አንዴ በእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ ከድስቱ ቂጥ አላቅቁት፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሱ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ውሃው ዳርና ዳር ፈላ ፈላ እያለ፣ መሐሉ ግን ሳይናወጥ መቆየት አለበት። የሚንፈቀፈቅ ውሃ ራቪዮሊዎቹን እርስ በእርስና ከድስቱ ጋር ያጋጫቸዋል፤ የተጣበቀው ጠርዝ ይፈታል፣ ሆዱ ይፈሳል። የኔ የመጀመሪያ ቀን ጥፋት ይኸው ነበር።

የፍሪጁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ የፍሪዘሩ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ፓኬቱ ሌላ ካለ ፓኬቱን ስሙ። የፍሪዘሩን አስቀድማችሁ አታቅልጡት። በረዶው ሲለቅ ሊጡ ይረጥባል፣ እርስ በእርሱ ይጣበቃል፣ ስታላቅቁት ይቀደዳል። ከፍሪዘር ቀጥታ ወደ ውሃ።

"ሲንሳፈፍ በስሏል" ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ሰፍቶ ያንሳፍፈዋል እንጂ መሐሉ መሞቁን አይነግራችሁም፣ በተለይ የፍሪዘሩን። ከተንሳፈፈ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሩለትና አንዱን አውጥታችሁ ጠርዙን ቅመሱ። ሊጡ ሁለት እጥፍ የሆነው ጠርዙ ላይ ነው፤ እዚያ ጋ ጥሬ ጥሬ ካላለ ሌላውም ደርሷል። የሥጋው ከሆነ መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ከፍላችሁ እንፋሎት ሲወጣው እዩ።

ሲወጣ ወንፊት ላይ አትገልብጡት፤ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ እያወጣችሁ ቀጥታ ወደ መጥበሻው። በቀዝቃዛ ውሃ አትለቅልቁት። ከመቀቀያውም ውሃ አንድ ስኒ አስቀሩ (ስኒ ስል የአሜሪካኖቹን መለኪያ ካፕ ነው እንጂ የቡና ስኒ አይደለም)፤ ሊጡ የለቀቀበት ያ ደፍረስ ያለ ውሃ ቅቤንና ሱጎን የሚያስተሳስረው እሱ ነው።

በንጥር ቅቤ

ሰሜን ጣሊያን ውስጥ አይብ ያለበትን ራቪዮሊ በቅቤና ሳልቪያ በሚባል ቅጠል ነው የሚበሉት። ሌላ ምንም የለበትም። እኔ ሳልቪያ ፍለጋ ገበያ ከመውጣቴ በፊት እማዬ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው የቅቤ ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ገና ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን ይሞላል።

የፈረንጁ ቅቤና የኛ ንጥር ቅቤ እሳት ላይ አንድ ዓይነት አይደሉም። የፈረንጁ ውስጡ የወተት ዝቃጭ አለበት፤ ጣሊያኖች የሚፈልጉት ያ ዝቃጭ ቡናማ ሆኖ የተቆላ ለውዝ ሲሸት ነው። የኛ ግን ሲነጠር ዝቃጩ ወጥቶለታል። ቡናማ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ፣ አይሆንም፤ ስትጠብቁ ቅመሙን ታቃጥሉታላችሁ። ማሞቅ ብቻ ነው።

1. ራቪዮሊው እየበሰለ ሳለ በሰፊ መጥበሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት በለስላሳ እሳት አሙቁ። ቅቤ ብቻውን ከሆነ ይከብዳል፣ ራቪዮሊውን ይውጠዋል።

2. አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ቀርድዳችሁ ጨምሩ። ሽታው ሲወጣ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ፣ ሩብ ስኒ የመቀቀያ ውሃ አፍስሱበት። ጭስስ ይላል፣ አትደንግጡ።

3. ራቪዮሊውን በጭልፋ አምጡና መጥበሻውን በእጀታው ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። በማንኪያ አታማስሉት። ቅቤውና ውሃው ተያይዘው ሲያብለጨልጩ አውርዱ።

4. ላዩ ላይ ፓርሜዛን ፋቁበት ወይም አይብ በትኑበት፣ ጫፍ ጫፉን ሚጥሚጣ ነስንሱበት። ሚጥሚጣው በጣት ቁንጥጫ ነው እንጂ በማንኪያ አይደለም።

የፈረንጅ ቅቤ ብቻ ካላችሁ ሦስት ማንኪያ በመካከለኛ እሳት አቅልጡ፤ አረፋው ከፍ ይልና ይወርዳል፣ ታች ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ያኔ ወዲያው ከእሳቱ አንሡት፣ በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ ይከስላል። ሳልቪያ ከጠፋ ጥቂት ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይበቃል። የሎብስተር ወይም የሸርጣን ራቪዮሊ ላይ ግን ኮሰረት ያለበትን ቅቤ አታድርጉ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ሁለቱም ተበላሹ።

እንደ ሳምቡሳ፦ የሴንት ሉዊሱ ጥብስ

የእማዬ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ የምትባል ከተማ ራቪዮሊን የሚጠብሱ ሰዎች አሏት። ዘ ሂል በሚባለው የጣሊያኖች ሰፈር ከተጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ አብሳይ ራቪዮሊውን ተሳስቶ የሚፈላ ዘይት ውስጥ ጣለው ይባላል፤ ማን እንደጣለው ግን ከአንድ በላይ ምግብ ቤት "እኛ ነን" ይላል። "ቶስትድ ራቪዮሊ" ይሉታል፣ የተቆላ እንደማለት ነው፤ ነገሩ ግን ጥርት ያለ የዘይት ጥብስ ነው። የዳቦ ዱቄት ለብሶ ይጠበስና ፓርሜዛን ተነስንሶበት ከሱጎ ጋር ይቀርባል። ይህን ለእማዬ ሳነብላት ያሳየችው ፊት፣ ሴንት ሉዊስን እሷ ያቀናቻት ይመስል ነበር።

የፍሪጁ ራቪዮሊ ለዚህ ይሻላል። ያላችሁ የፍሪዘሩ ከሆነ ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና እርጥበቱን በወረቀት ፎጣ አድርቁት። ቅድም አታቅልጡት ያልኩት ለውሃ ነበር። በረዶ የያዘ ነገር የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ይፈናጠራል፤ ክንዴ ላይ ምልክቱ አለ።

በአንድ ሳህን ሁለት እንቁላል ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር ምቱ። በሌላው አንድ ስኒ ተኩል የደረቀ የዳቦ ዱቄትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ ቀላቅሉ። ሽሮው የኔ ጭማሪ ነው፤ ቅመሙ ውስጡ ስላለ ሌላ ቅመም አያስፈልግም፣ ቀለሙንም ያሳምረዋል። ራቪዮሊውን እንቁላሉ ውስጥ ነክራችሁ አንጠባጥቡትና ዱቄቱ ውስጥ በሁለት በኩል ጫን እያደረጋችሁ አልብሱት። ጠርዙን እንዳትረሱ፣ ባዶ የቀረበት ቦታ ዘይት ይገባል። ሁሉንም አልብሳችሁ ስትጨርሱ አሥር ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ልብሱ ይይዛል።

ዘይቱ በድስቱ ውስጥ አራት አምስት ሴንቲሜትር ከፍታ ይኑረው፣ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሙቅ። መለኪያ ከሌላችሁ የእንጨት ማንኪያ ጫፉን ንከሩ፤ ዙሪያውን አረፋ ካወጣ ደርሷል፣ ከጨሰ አልፏል። አምስት ስድስት እያደረጋችሁ፣ አንዴ እያገላበጣችሁ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ። የሳምቡሳ ቀለም ሲይዝ አውጡ። ብዙ ባንድ ላይ ከከተታችሁ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ራቪዮሊው ዘይት ይጠጣል፤ የሳምቡሳ ሕግ ነው፣ ታውቁታላችሁ። መሐሉ ያለው አይብ ሲወጣ እሳት ስለሆነ ለልጆች ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይረፍ።

ብዙ ዘይት የማትፈልጉ፣ ልብሱ ላይ ዘይት ነፋ አድርጋችሁበት ኤር ፍራየር (በሙቅ አየር የሚጠብሰው ዕቃ) ውስጥ በ200 ዲግሪ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ፣ መሐል ላይ አገላብጣችሁ። ጥሩ ነው። እንደ ዘይቱ ግን አይሆንም፣ ማንም ቢላችሁ አትመኑ።

ማጥቀሻው፦ በኋላ ከምንሠራው ሱጎ ግማሽ ስኒ አሙቃችሁ፣ ካሻችሁ ዳጣ ጠብ አድርጉበት።

ሰነፍ ላዛኛ

ክርስትና፣ የልጅ ልደት፣ የማኅበር ቀን፤ "አንቺ ላዛኛ ይዘሽ ነይ" የሚባለው ሁሌ እኔ ነኝ። ላዛኛ ደግሞ ሊጡን መቀቀል፣ ነጩን ሶስ መሥራት፣ መደርደር፤ ቅዳሜን ይበላል። ራቪዮሊ ግን በውስጡ ሊጥም አይብም ስላለው ድርደራው አልቆ የመጣ ላዛኛ ነው። ከፍሪዘር ቀጥታ፣ ያለ ቅቅል።

ሱጎው ላይ አትሰስቱ። አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ እንደ ወጥ አቁላሉት፤ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ፣ ከዚያ በሦስት ማንኪያ ዘይት። ጣሊያን ያየ ሰው ዘይቱን አስቀድሞ ነው የሚያደርገው፤ ጣዕሙ ግን በኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ ጨምራችሁ ሳልሳው ጠቆር እስኪል አብስሉት። አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ከዚያ ሩብ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ። የቺዝ ራቪዮሊ ከሆነ ሥጋው ያምርበታል፤ የሥጋ ራቪዮሊ ከሆነ ተዉት። ሥጋው ሲበስል 800 ግራም የሚሆን የቆርቆሮ ቲማቲም ገልብጡበት፣ ጨው፣ ካለ በሶብላ፣ ሃያ ደቂቃ በለስላሳ እሳት። በመጨረሻ ግማሽ ስኒ ውሃ ጨምሩ። ሱጎው ከተለመደው ቀጠን ማለት አለበት፤ ያልተቀቀለው ሊጥ የሚበስለው ከሱጎው በሚጠጣው ውሃ ነው። የመጀመሪያው ላይ ወፍራም ሱጎ አድርጌ ጠርዙ እንደ ቆዳ ደርቆ ቀረብኝ፤ እንግዶቹ በጨዋነት አኘኩት።

አሁን መደርደር ነው። ኦቨኑን 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አብሩ፤ በፋራናይት 375 ነው። 23 በ33 ሴንቲሜትር የሆነው የላዛኛ መጋገሪያ ለ700 ግራም ራቪዮሊ ልክ ነው። ከታች አንድ ጭልፋ ሱጎ አስተኙ፣ ግማሹን ራቪዮሊ ጎን ለጎን ደርድሩ፣ ሱጎ፣ አንድ ስኒ ሞዛሬላ። ድገሙት። የላይኛው ሱጎ እያንዳንዱን ጠርዝ መሸፈኑን እዩ። በፎይል ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑትና ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ፎይሉን አንሡ፣ ላዩ ወርቃማ እስኪሆን ሌላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ቢላ መሐሉ ወግታችሁ አውጡና ጫፉን ንኩት፤ ትኩስ ካልሆነ መሐሉ ገና ነው።

ከኦቨን ሲወጣ አሥር ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ስትቆርጡት ይንሸራተታል። እኔ ለግብዣ ስወስደው ከቤት ስወጣ ከኦቨን አወጣውና በመንገድ ላይ ያርፋል። "ሊጡን ራስሽ ነው የጋገርሽው?" ብለው ሲጠይቁኝ እስካሁን ቀጥተኛ መልስ አልሰጠሁም።

በቅቅል መረቅ

ኤሚሊያ በሚባለው የጣሊያን ክፍል ለገና የሚበላው መሙያ ያለው ፓስታ በሱጎ አይቀርብም፤ በሥጋ መረቅ ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ ቅቅል አለን። ቅቅል የተሠራ ዕለት ሁለት ሊትር መረቅ ይተርፋል፣ በማግስቱ ምን ይሁን ይባላል። ይኸው።

መረቁ ፍሪጅ ካደረ በኋላ ላዩ ላይ የረጋውን ጮማ ግፈፉ፣ አንድ ሊትር ተኩሉን አሙቁ። አንድ ካሮት ከትፋችሁ ጨምሩ፣ ሲለሰልስ ሁለት እፍኝ ቆስጣ። ራቪዮሊውን ከመረቁ ጋር አትቀቅሉት፤ ሊጡ መረቁን ያደፈርሰዋል። ለብቻው ቀቅላችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት ሰባት ሳህኑ ውስጥ አድርጉና መረቁን አፍስሱበት። ከድስቱ ውስጥ ካቆያችሁት ደግሞ እየጠጣ እየጠጣ በማግስቱ መረቁ አልቆ ራቪዮሊው የሕፃን ጫማ አክሎ ታገኙታላችሁ። ሎሚ ጠብ፣ ቃሪያ ቆረጥ። ጉንፋን ለያዘው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

በመጥበሻ ብቻ

ድስት ማጠብ ላስጠላው ምሽት። የፍሪጁን ራቪዮሊ በሰፊ የማያጣብቅ መጥበሻ ላይ በሁለት ማንኪያ ዘይት ደርድሩ፣ ሳትነካኩ ሁለት ደቂቃ፣ ቂጡ ቡናማ ይሁን። ግማሽ ስኒ ውሃ አፍስሱና ወዲያው ክደኑት። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ በእንፋሎቱ ይበስላል። ክዳኑን አንሡ፣ ውሃው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ሲንጫጫ ነጭ ሽንኩርትና ደቆ የተከተፈ ጎመን ወይም ቆስጣ ጨምሩበት። ከታች ደረቅ፣ ከላይ ለስለስ ይላል። ቻይኖች የሊጥ ጥቅላቸውን የሚሠሩት እንዲህ ነው። የጾሙ ቪጋን ራቪዮሊ እዚህ ላይ ነው የሚያምርበት፤ ሲቀቀል ውሃ ውሃ የሚለው ነገር ሁሉ ይጠፋለታል።

የተረፈው

ያልተከፈተ የፍሪጅ ፓኬት ቀኑ ሳያልፍ ፍሪዘር ውስጥ መግባት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፍሪዘሩ ቁጠሩት። የበሰለው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ ዘይት ነካ አድርጋችሁበት ካላስቀመጣችሁት አንድ ጡብ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ውስጥ አታሙቁት፣ ሊጡ ላስቲክ ይሆናል።

ለተረፈው የእማዬ ፍርፍር አለ። አምስት ስድስት የተረፈ ራቪዮሊ እያንዳንዱን አራት ቦታ ቁረጡት። በመጥበሻ በትንሽ ዘይት ጠርዙ እስኪደርቅ ጠብሱትና አውጡት። በዚያው መጥበሻ ግማሽ ሽንኩርትና አንድ ቲማቲም አብስሉ፣ ራቪዮሊውን መልሱ፣ ሦስት እንቁላል በጨው መትታችሁ አፍስሱበት። አንዴ ሁለቴ ብቻ አማስሉት፤ አይቡ ከተቆረጠው ሊጥ እየወጣ ከእንቁላሉ ጋር ይዋሐዳል። እንቁላሉ ገና እርጥብ ሳለ ቃሪያ በትኑበትና አውርዱት።

በዳቦ ይበላል። እኔ በእንጀራ አቀረብኩት፣ እማዬ "ቂጣ በእንጀራ ይጠቀለላል?" ብላ ተቃወመች። ሁለተኛውን ጉርሻ ስትጠቀልል ግን ቃል አልወጣትም።